ማርከሻውን ይዘን እንዳንቀበር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ እኩዮቼ ሆይ፣ ይህ ቃል ለወጣት አይደለም። ወጣቱን ሬዲዮው ይመክረዋል፣ ቄሱ ይመክረዋል፣ ቀበሌው ይመክረዋል፤ መካሪ አላጣም። እኔ የምናገረው ሥር ሲማስ እያያችሁ ላደጋችሁ፣ ዳማከሴ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ምች ለመታው ሰው ላጠጣችሁ፣ የተበጠበጠ ኮሶ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫችሁ ላልጠፋ ለእናንተ ነው። በመካከላችን ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። ለልጆቻችን የመድኃኒቱን ስም እያወረስን፣ መጠኑንና ማርከሻውን ይዘን ወደ መቃብር እየወረድን ነው። ስሙን ብቻ የወረሰ ልጅ መድኃኒት አልወረሰም፤ የወረሰው መርዝ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ሦስት ነገር ሳይዝ አይቀመጥም ነበር፤ መድኃኒቱን፣ መስፈሪያውንና ማርከሻውን። መስፈሪያው አንድ ፍንጃል ነው፣ የሦስት ጣት ቁንጥር ነው፣ ለብርቱው መድኃኒት ደግሞ በጥፍር ጫፍ የሚነሣ ያህል ብቻ ነው። ማርከሻውም እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ለአንዱ እርጎ፣ ለአንዱ የተልባ ውኃ፣ ለአንዱ የዶሮ መረቅ። ደግ አዋቂ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት በሰው እጅ አይልክም። እህል ቀምሷል ወይ? ጉልበት አለው ወይ? ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ይህን ሁሉ ጠይቆ ካጠጣ በኋላም ደጁ ላይ ያውለዋል፤ ከጠናበት ማርከሻውን ያቀምሰዋል። ቅጠሉንማ እረኛውም ያውቀዋል፤ ሙያው ከቅጠሉ በኋላ ያለው ነው። ዛሬ ልጁ «አያቴ ለሆድ ትል ይህን ይሰጥ ነበር» ይላል። ስንት? አያውቅም። በምን ተበጥብጦ? አያውቅም። ቢጠናበትስ? እሱን ማን ነገረውና!

አገራችን የመድኃኒት አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ራስ ላይ ጅብራና አስታ ይበቅላል። ወረድ ሲሉ ኮሶው፣ አምጃው፣ አንፋሩ፤ ወይና ደጋው ላይ ብሳናው፣ ስሚዛው፣ እንዶዱ፣ ግዛዋው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ሬቱና ቁልቋሉ። ብርቱ እግረኛ ከውርጭ አገር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ሐሩር አገር ይገባል። የደጋው ሥርና የቆላው ሥር በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ቤቱ አለ። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት ናት። ከየአገሩ ድጓ ሊያስመሰክር የመጣ ተማሪ በአኮፋዳው ቁራሽ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ የአገሩን ቅጠል ስም ይዞ መጣ፣ የእኛንም ይዞ ሄደ። ስለዚህ በእጃችን ያለው የሦስት አገር ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ አደራውም በዚያው ልክ ይከብዳል።

መጠን ማለት ምን እንደሆነ ከኮሶ የበለጠ የሚያስረዳ ስለሌለ ኮሶን ላንሣ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም ነበር። ጌታውም ጭሰኛውም በየሁለት ወሩ ገደማ በባዶ ሆዱ ኮሶውን ይጠጣል። በዚያ ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራም አይታዘዝም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ የሚከፋው የለም። በጋይንት አልፈው ወደ መቅደላ የወረዱትን አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ተሳዳቢዎቹ መኳንንት ግን ያንኑ ኮሶ እያስገዙ፣ አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡ ነበር። ሻጯን ንቀው ሸቀጧን መዋጥ አላሳፈራቸውም።

ኮሶ ባሕርም ተሻግሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኮሶ አበባ በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር፤ በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥም ገብቶ ነበር። እውነተኛ መድኃኒት ስለነበር ነው፤ የሴቴዋ ዛፍ ቀይ አበባ በልኩ ሲሰጥ ትሉን ያወርዳል። ነገር ግን ትልን የሚያወርድ ኃይል ሰውንም ይጥላል። ልኩ ያለፈ ኮሶ ሆድ ይቆርጣል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ የዓይንን ነርቭ መትቶ ብርሃን ያጠፋል። በኮሶ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎችን ነገር ሐኪሞች በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ጽፈውታል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ሳይጻፍ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለደካማና ለሕፃን ኮሶ አይሰጡም ነበር፤ አበባውም ሰንብቶ ከሆነ ኃይሉ እንደሚቀንስ፣ ትኩስ ከሆነ እንደሚበረታ አይተው ይሰፍሩ ነበር። ያቺ የአሰፋፈር ብልሃት የት ደረሰች? የኮሶን ስም የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ ኮሶ ሰፍሮ መስጠት የሚችል ግን በየቀበሌው ቢፈለግ ስንት ሰው ይገኛል? እንቆቆውና መተሬውም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ በጤና ጣቢያ ለኮሶ ትል የሚዋጥ እንክብል አለና ኮሶ መልሳችሁ አጠጡ አልልም። እኔ ከሌለሁ በኋላ አንዱ ከዛፉ ሥር ቆሞ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ለእህቱ እንዳያጠጣ ነው የምፈራው።

አንዳንዶቻችሁ ምስጢሩን እንዴት እንገልጠዋለን ትላላችሁ። ምስጢር መጠበቁን እኔ አላቃልልም። አባት መድኃኒቱን ለልጁ ሁሉ አይነግርም፤ አደብ ያለውን፣ አፉ የተሰበሰበውን አንዱን ይመርጣል። ሥሩ ረቡዕና ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ይማሳል። ስሙ ከተጠራ ይከሽፋል ይባላል። ግማሹ ሥርዓት ነው፣ ግማሹ ግን ጥበቃ ነበር። በድንበር የተቀያየመ ጎረቤት ሁሉ የሚገድለውን ሥር ቢያውቅ መንደሩ ምን ይውጠው ነበር? እንጀራም ነበር፤ የአዋቂው ቤት በዚያ ይኖራል። በዚህ አልወቅሳችሁም።

ነገር ግን ምስጢር ተቀባይ ይፈልጋል። ድሮ የተመረጠው ልጅ ከአባቱ ማሳ አጠገብ ያርስ ነበር፤ አባት ሲጨንቀው ከመደቡ ሥር ቁጭ ብሎ ቃሉን ይቀበላል፣ ያላወቀውን ይጠይቃል፣ በኋላም ከእናቱ ጋር ያመሳክራል። ዛሬ የተመረጠው ልጅ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው፤ ወይ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ልጅቱ ዓረብ አገር ናት። ጭንቁ ሲመጣ ማንም አይደርስም። «በስልክ አይነገርም» ትላላችሁ፣ «ቀሪው ልጅ ሰነፍ ነው፣ አደራ አይችልም» ትላላችሁ፣ «ሴት ልጅ ባሏ ቤት ይዛው ትሄዳለች» ትላላችሁ። እንግዲያው ለማን ነው የምትነግሩት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ መድኃኒቱን የደበቀውስ ምን ይገኝለታል?

ሌላው ያስደበቀን ነገር ስድብ ነው። ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ተብለናል። ቅጠል የሚያውቀውንና ድግምት የሚደግመውን፣ ወጌሻውንና ጠንቋዩን በአንድ ገመድ ጠፍረው አሰሩት። ተማሪው አፈረብን፣ ካድሬው አስፈራራን፣ እኛም ይበልጥ ወደ ጓዳ ገባን። የተሰደበ ሰው ይኮርፋል፤ ኩርፊያችን ግን የሚጎዳው ሰዳቢውን አይደለም።

እኛ በደበቅነው ሌላው ስሙን ጽፎበታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ ሲመለስ የዋጊኖስን ዘር ይዞ ገባ፤ ተቅማጥ ይዞት በእሱ እንደዳነ ጽፏል። የአውሮፓ የዕፀዋት ሊቃውንትም ተክሉን በሰውየው ስም ብሩሲያ አሉት። ከ200 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከዚያው ተክል ለካንሰር ይሆናል ያሉትን ንጥረ ነገር አወጡ፤ ስሙንም ብሩሲያንቲን አሉት። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ያሰቡትን ያህል አልሆነም፤ መሞከሩ ግን ደግ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለብሩስ ዋጊኖስን ያሳየው ሰው ማን ነበር? ተክሉም ብሩስን ይጠራል፣ ንጥረ ነገሩም ብሩስን ይጠራል፤ ያሳየው ሰው ስሙ የለም።

በብራና የጻፉትም አባቶች ጽሑፋቸው ርቆ ሄዷል። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎች ከነተክሎቻቸው አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 በዋርሶ አወጣ። በእኛም ቋንቋ ዕፀ ደብዳቤን የመሰለ መጽሐፍ ታትሟል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሆኖም ከእነዚያ ብራናዎች አንዱን ገልጣችሁ ያያችሁ እንደሆነ፣ ይህን ሥር ከዚያ ሥር ጋር ደቁሰህ አጠጣ ይላችሁና አብዛኛውን ጊዜ ስንት የሚለውን ይተወዋል። መጠኑ በመምህሩ አፍ ነበረ። ብራናው ፓሪስ ቢገባ፣ አፉ ግን እዚሁ እኛ ዘንድ ቀርቷል። እሱም እየተዘጋ ነው።

አዘገጃጀትን የጻፈ ሰው ምን እንዳተረፈ ከቻይና ስሙ። ለቻይና መንግሥት የወባ መድኃኒት ሲያስፈልገው ቱ ዩዩ የተባሉ ሴት ተመራማሪ የጥንት መጻሕፍትን መረመሩ። ያገኙት ቅጠል የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ቅጠሉን በሙቀት ሲያወጡት ኃይሉ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ አይሠራም። በኋላ ጌ ሆንግ የተባለ ሰው በአራተኛው መቶ ዘመን የጻፈውን እንደገና ሲያነቡ፣ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቀውና ጠጣ የሚል አገኙ። አፍላው አይልም። ያን ጊዜ ነው ሙቀቱ እንዳበላሸው የገባቸው፤ በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት፣ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ጌ ሆንግ እንደ እኛ የቅጠሉን ስም ብቻ ትቶ ቢሞት ኖሮ ያ ቅጠል እስከ ዛሬ በከንቱ ይቀቀል ነበር።

የእኛውን ዶክተር አክሊሉ ለማንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ነው። ከዚያ የተነሣው ምርምር እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አሸልሟል። ሴቶቹ እንዶዱን ጓዳ ዘግተው ቢያጥቡበት ኖሮ ማን ያይ ነበር? በነገራችን ላይ ያው እንዶድ በእኛ አገር በስውር ለማስወረጃ የሚጠጣ ነው፤ ስንቷን ልጅ እንደገደለ የምናውቀው እኛ ነን። በልብስ ላይ አረፋ የሆነው በሆድ ውስጥ ሌላ ነው።

አሁን ከባዱን ልናገር። ቅጠል የማይመልሰው በሽታ አለ፤ እሱን አውቀን ዝም ካልን ደሙ በእጃችን ነው።

የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በደጋም በቆላም ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ጣቢያውን አልፎ አዋቂ ቤት ሲሮጥ እናየዋለን። አዋቂውም ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠውም ከመድኃኒቶች ሁሉ ብርቱው ነው፣ የቁልቋል ወተት አለበት፣ እንዶድ አለበት። ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይተርፋል። «አዳንኩት» ይባላል። እስቲ በሽምግልና ልብ እንመርምረው። የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ በሽታው አይይዘውም። ስለዚህ አጠጥተን ከተረፉልን ውስጥ ብዙዎቹ ባናጠጣቸውም ይተርፉ ነበር። ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ወሰደ። በሽታው በእርግጥ የገባበት ሰው ደግሞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ውኃ እየፈራ ሲሞት «ወንዝ ተሻግሮበት ነው»፣ «ሴት ነክቶበት ነው» ብለን ጥፋቱን በሟቹ ላይ አድርገን ቀበርነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በዓለም ላይ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። የሚያድነው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት መሄድ። ክትባቱን ፈረንሳዊው ፓስተር በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል የውሻ መድኃኒት የሚሰጥ ካለ፣ ደጁ የመጣውን ሰው ቁስሉን አጥቦ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ» ይበለው። ይህን ማለት ክብር ይቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ድሮም ታላላቆቹ አዋቂዎች «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ማለት ያውቁበት ነበር።

የወፍ በሽታም እንዲሁ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ ታሟል። በታመመ ጉበት ላይ ብርቱ ሥር መጨመር የቆሰለን ፈረስ እንደ መጫን ነው። «ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሆድ እየነፋ ሰው የገደለ የጉበት በሽታ ተነሥቶ ነበር፤ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲከታተሉ ከእህሉ ጋር የሚደባለቅ የአረም መርዝ ሆኖ አገኙት። አረሙም ተፈጥሮ ነው። አስተናግርም ተፈጥሮ ነው፤ የጥርስ ትል ያወጣል ተብሎ ጭሱን የሳበ ልጅ ሲቃዥና ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ ያየ ሁሉ ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ለነፍሰ ጡርና ጡት ለሚጠባ ልጅ ደግሞ ምንም ይሁን ምን በአፍ የሚገባ ሥር አትስጡ፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

ስለ መጠንና ስለ ማርከሻ ያነሣሁት ጥንቃቄ ሁሉ በእኛ ዘመን በአዋቂው ቤት ውስጥ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ከቤት ወጥቶ ስልክ ላይ ተሰቅሏል። በቲክቶክና በቴሌግራም አንድ ጣሳ ዱቄት ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሪህ፣ ለወንድነት ይሸጣል። ዱቄት ሲሆን ቅጠሉ አይታወቅም፣ ሥሩ አይታወቅም፣ መቼ እንደተወቀጠ አይታወቅም። ሻጩ በሽተኛውን አያየውም፤ ደጁ ላይ አያውለውም። ማርከሻ የሚባል ነገር መኖሩንም የሰማ አይመስለኝም። ገበያውን ያስለቀቅነው እኛ ነን፤ የሚያውቀው ዝም ሲል የማያውቀው ይናገራል።

ሐኪም ቤት አለልን፣ የጥንቱ ለምን ያሳስባል የምትሉም አላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ባለሙያ ሴት ልጆቻችን አሉ፤ ስንት እናትና ሕፃን እንደተረፈባቸው እናውቃለን። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ ሆስፒታሉ መዘረፉን አንረሳም። ከዚያም ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አይተናል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ወደሚያውቀው ቅጠል መዞሩ አይቀርም። በዚያ ቀን ልጆቻችን የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ከሆነ መከራው እጥፍ ይሆናል።

ዛፉስ? ኮሶው ለሳንቃ ተቆረጠ። ማሳው ዳር የነበረው ምስርችና አጋም ለባሕር ዛፍ ቦታ ለቀቀ፤ ባሕር ዛፍ ያበላናልና ተቃዋሚ አይደለሁም፣ ግን ከሥሩ መድኃኒት አይበቅልም። የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። «እመጓ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈልን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ያ ቅጥር የዘር ጎተራችን ነው። እንግዲህ እኛ ሥር ማሾችም ብንሆን ይሰማን፤ የጎን ሥር ወስዶ አፈሩን መልሶ ማልበስ ሲቻል ዋናውን ሥር የሚነቅል፣ ግንዱን ዙሪያውን የሚልጥ ሰው መድኃኒተኛ አይደለም። ጥቁር እንጨት በካሜሩን የደረሰበትን ተመልከቱ፤ ቅርፊቱ ለወንዶች የሽንት ችግር በአውሮፓ ተፈልጎ ዛፉ ዙሪያውን እየተላጠ ስለደረቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ያው ዛፍ በእኛም ደን አለ።

«ከጻፍነው ይሰርቁናል» የሚለው ሥጋት ባዶ አይደለም፤ የብሩስን ነገር ተናግሬአለሁ። ግን ዛሬ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ ራሱ መሆኑን ደንግጓል፤ ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል፣ ከጥቅሙም መካፈልን ይፈቅዳል። ሕጉ ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ያስከብረናል አልልም። ሆኖም ከማን እንደተወሰደ የሚያስረዳ ነገር የሌለው ሰው የትኛውም ሸንጎ ፊት ቆሞ መሟገት አይችልም። የተጻፈና ቀን ያለው ነገር ይሟገታል፤ በመቃብር ያለ አይሟገትም።

እንግዲህ የምትሠሩትን ልንገራችሁ። መጻፍ የማትችሉ የልጅ ልጃችሁን ደብተር አስይዙ። ከሁሉ በፊት የሚያድነውን ሳይሆን የሚገድለውን አስጽፉ፤ የትኛው ሥር ነው፣ ከስንት በላይ ነው፣ ምን ምልክት ያሳያል፣ በምን ይረክሳል፣ ማርከሻውም ካልመለሰው ወዴት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የቀረውን። መስፈሪያችሁን አሳዩት፤ የእኔ ፍንጃልና የእናንተ ፍንጃል እኩል አይደለምና በውኃ ሞልታችሁ ከጤና ጣቢያው መለኪያ ጋር አስተያዩት። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ አትፍሯት፤ ወደ እሷ የምትልኩት ሰው ምን እንደጠጣ፣ መቼ እንደጠጣ አብራችሁ ላኩባት፣ ያለዚያ በምን ታክመዋለች? ሴት ልጆቻችሁንም አትዝለሉ፤ በሽተኛ የምታስታምመው እሷ ናት።

በስም ብቻ አትተማመኑ። አባሎ ስንል በአንዱ አገር ዋጊኖስን ማለታችን ነው፣ በሌላው አገር ደግሞ የቆላ ዛፍ ነው፤ አንዱን ሰንሰል የሚለው ሌላው ስሚዛ ይለዋል። ልጁ ስሙን በትክክል ጽፎ የተሳሳተውን ዛፍ ሊልጥ ይችላል። ስለዚህ ከጽሑፉ ጎን ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን በአሮጌ ጋዜጣ መሃል ተጭናችሁ አድርቁ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት ማከማቻም ተክሎቹን የሚያኖረው በዚሁ መንገድ ነው። በወረቀቱ ላይ ጎጡን፣ ወሩንና ደጋ ወይም ቆላ መሆኑን ጻፉበት። ኮሶም ከሆነ የሴቴዋ መሆኑን።